የጅማው ቤት ሲሸጥ፦ ሦስት ነን ብለን አራት ሆነን

አባታችን ባረፈ በአምስተኛው ቀን አንድ ደላላ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ተቀመጠ። ከንፍሮው ዘገነ። ትንሽ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካሬው ስንት ነው?» አለኝ።

ይህን ቤት በደላላ አልሸጥም ብዬ የማልኩት የዛን ቀን ነው። መሐላዬንም ጠብቄያለሁ። ግን ከቀብሩ ጀምሮ ቤቱ ገዢው እጅ እስኪገባ 1 ዓመት ከ9 ወር ፈጅቶብናል። ከዚህ ውስጥ ገዢ ፍለጋ የወሰደው 4 ወር ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የበላው የራሳችን ጥፋት ነው። የውርስ ቤት ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ ያንን ጥፋት ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ቤቱ ጅማ መንደራ ነው፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጓሮው ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለው፤ አጥሩ ሥር አንድ ትልቅ አቮካዶ ቆሟል። አባባ ያረፈው ጥር 2013 ነው። እናታችን በ2004 ቀድማዋለች። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ይኖራል። ታናሽ እህቴ ቤይሩት ትሠራለች። እኔ እዚሁ ጅማ አስተማሪ ነኝ። ቤቱን ላስቀረው ብል የሌሎቹን ድርሻ የምከፍልበት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ መሸጥ ነው ያለን አማራጭ።

አባባ ወረቀት አይጥልም ነበር። ቁም ሣጥኑ ላይ አንድ ትልቅ የኒዶ ቆርቆሮ አለ። ከፍቼ ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። ካርታው አለ። የቦታና የቤት ግብር ደረሰኞች ዓመት በዓመት በላስቲክ ታስረዋል። የውሃና የመብራት ውሎችም አሉ። ከሥር ደግሞ ቀለማቸው የለቀቀ ትናንሽ የሐዋላ ደረሰኞች አገኘሁ። የድሮ የቡና ሒሳብ መስሎኝ በላስቲክ አስሬ ወደ ጎን አደረግኋቸው። ስለነሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እናንተም ሌላ ነገር ሳትነኩ መጀመሪያ ወረቀቱን ፈልጉ። ፍራሽ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ የጸሎት መጽሐፍ መሃል። እኛ የመጨረሻዎቹ የ3 ዓመት ግብር እንዳልተከፈለ ያወቅነው ከደረሰኞቹ ነው። አባባ ሲታመም ማንም አላስታወሰም። ውዝፍ ግብር ያለበት ቤት ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ አያገኝም፤ ክሊራንስ የሌለው ቤት ደግሞ ስም አይዛወርም።

አሁን ወደ ጥፋታችን።

መጋቢት ላይ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድን። ነገሩ በራሱ ከባድ አይደለም። የሞት ማስረጃ፣ ከቀበሌ ሟች ማንን ትቶ እንዳለፈ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ሁለት ምስክር ይዞ ማመልከት ነው። በሩ ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ያዘጋጁላችኋል። የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ አነባለሁ፤ ወንድም ጋሼ ግን ከጅማ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ስለሆነ መናገሩን እንጂ ጽሑፉን አይከተልም። እንደሱ ከሆናችሁ የምትፈርሙትን ከላይ እስከ ታች የሚያነብላችሁ የራሳችሁ ሰው ይኑር። ጸሐፊው «ችግር የለውም፣ ፈርም» ስላላችሁ ብቻ አትፈርሙ።

ቀበሌው «ስንት ልጅ ነው የተዉት?» ብሎ ጠየቀን። ወንድም ጋሼ «ሦስት» አለ።

አራት ነን። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባባ እናታችንን ከማግባቱ በፊት አጋሮ የቡና መጋዘን ውስጥ ሲሠራ የወለዳት ልጅ አለች። ከሁላችንም ታላቅ ናት። እቤታችን ስሟ አይነሳም፤ ሲነሳም እማዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ለቅሶው ላይ መጥታ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ዳር፣ ከጎረቤት ሴቶች መሃል ተቀምጣለች። ቡና ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ስኒውን ስትቀበለኝ እጇን አየሁት። የአባባ እጅ ነው፣ ያ ሰፋ ያለው አውራ ጣት ሳይቀር። «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። እኔም እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «አሜን» ብያት አለፍኩ።

ቀበሌው በር ላይ ወንድም ጋሼን ቀስ ብዬ «የአጋሮዋስ?» አልኩት። «ወረቀት ላይ የለችም። ከፈለገች መጥታ ትጠይቅ» አለኝ። ዝም አልኩ። ምስክሮቹም ሦስት ብለው መሰከሩ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከአጋሮ ማን መጥቶ ያነበዋል? የወራሽነቱ ወረቀት ወጣ። በጣም ቀለለኝ። አሁን ሳስበው እንዲያ መቅለሉ ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ገዢ ተገኘ። የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ነው፤ ዋጋው ጥሩ ነበር። 100,000 ብር ቀብድ ተቀበልን። በ3 ወር ውስጥ ስም አዛውረን እንደምናስረክብ በወረቀት ጽፈን በምስክር ፊት ፈረምን። ለሁሉም አንድ ነገር ብቻ እንድመክር ቢፈቀድልኝ ይህቺን ነው የምመርጠው፦ ወረቀታችሁ ሳያልቅ ቀብድ አትንኩ። ገዢው ቢለምን፣ ብሩ ቢያስፈልጋችሁ፣ ዶላር ነገ ይወጣል ቢባል እንኳ።

ቀብዱን ከተቀበልን በኋላ ነው ማዘጋጃ ቤት የሄድነው። የመሬት ክፍሉ ሠራተኛ ካርታውን አገላበጠና «ይሄ እኮ በሁለት ስም ነው። የእናታችሁ ወራሽነትስ?» አለን። እማዬ ካረፈች 9 ዓመት ሆኗታል፤ ማንም ውርሷን አልከፈተም። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ግማሹ የሷ ነው። እኛ ይዘን የመጣነው የአባባን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሟች፣ ሁለት የወራሽነት ማስረጃ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የቤይሩቱ ውክልና ደረሰ። ታናሽ እህቴ ፈቃድ የምታገኘው እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ በሥራ ቀን ቆንስላ ለመሄድ ማዳሟን ስንት ጊዜ ለምናለች። ወረቀቱ ሲመጣ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ስለዚህ አላነበብነውም። ያነበበው የሰነድ ማረጋገጫው ሠራተኛ ነው። «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከር» ይላል። «እንዲሸጥ» የምትል ቃል ከላይ እስከ ታች የለችም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 እዚህ ላይ ድርቅ ያለ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወኪሉ ልዩ ሥልጣን በግልጽ ሊሰጠው ይገባል። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ብቻ ነው።

እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። ሌላ የማዳም ልመና ጀመረች። በሁለተኛው ጊዜ ቃሉን እኛው አርቅቀን በቴሌግራም ላክንላት፦ የካርታው ቁጥር፣ ከተማው፣ ቀበሌው፣ «ከእናቴና ከአባቴ በውርስ ያገኘሁትን ድርሻ እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር»። የገንዘብ መቀበሉን ነገር ግን አስወጣነው፤ ድርሻዋ በራሷ ሒሳብ እንዲገባ። ይህንን ያለችው ራሷ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት። ወረቀቱ ከቆንስላው ከመጣ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ጅማ ሲደርስ ደግሞ ወደ አፋን ኦሮሞ አስተረጎምነው። ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ የሱን ጀምሩ፤ ረጅሙ መንገድ የሱ ነው።

ይህን ሁሉ እያሯሯጥን ሳለ ጥቅምት 2014 ላይ የእግድ ደብዳቤ ማዘጋጃ ቤት ገባ። የአጋሮዋ እህታችን ፍርድ ቤት ሄዳ ልጅነቷን ጠቅሳ ተቃውሞ አቅርባለች። ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ ታግዷል።

እንዴት ሰማች? ገዢያችን አጋሮ የቡና ደንበኞች ነበሩት። «መንደራ ቤት ገዛሁ» ብሎ አወራ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደነገረ እግዜር ነው የሚያውቀው። ጅማና አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወሬ ሚኒባስ አይጠብቅም።

ገዢው ቀብዱን እጥፍ አድርገን እንድንመልስ ጠየቀ። ሕጉም ከሱ ጋር ነው። ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። በሽምግልና ብዙ ተለምኖ 160,000 ብር ተቀበለን። 60,000 ብር፣ ለምንም። ከሦስታችን ኪስ። ወንድም ጋሼ መኪናውን ሊሸጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ ጠበቃ ጋ ሄድን። ወንድም ጋሼ እስከ ሰበር ልከራከር አለ። ጠበቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው እያጸዱ ቀስ ብለው አስረዱን። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል። ወራሽ ሆና የተዘለለች ሰው መብቷን ለመጠየቅ መብቷና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀች ጀምሮ 3 ዓመት አላት። «ልጅነቷን ካስረዳች ትገባለች። ካላስረዳችም እግዱ ተነስቶ ቤቱን እስክትሸጡ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። እናንተ የምትፈልጉት ማሸነፍ ነው ወይስ መሸጥ?» አሉን። የምክር ብለው 500 ብር ተቀበሉን። በዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ እንደዚያ የጠቀመኝ ገንዘብ የለም።

ሽማግሌ ያዝን። የዕድራችን ዳኛና የአባባ የረጅም ጊዜ ወዳጅ የሆኑት ጎረቤታችን ሐጂ። ወንድም ጋሼ «እኔ አልሄድም» አለ። እኔ አብሬያቸው አጋሮ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጠራት ሳስብ ነበር። በስሟ? ታላቄ ናት። አንቱ ልበላት? የባዳ ይመስላል።

በክብር ተቀበለችን። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። አልተቆጣችም። ሐጂ ነገሩን በምርቃት ጀምረው፣ ሞት ያለ መሆኑን፣ ደም ውሃ አለመሆኑን ተናግረው ሲጨርሱ ተነስታ ገባችና አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዛ ወጣች። የፖስታ ኤንቨሎፖች ናቸው። ሁሉም ላይ የአባባ ጽሕፈት አለ፤ «ሀ»ዋን በተለየ አጣጣል ነው የሚጽፋት። «ትምህርት ቤት ሳለሁ በየወሩ ሐዋላ ይልክልኝ ነበር» አለች። ማኅተሞቹ ላይ ያለውን ዓመት አየሁ። 1977። 1979። 1981።

የኒዶው ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። እነዚያ የቡና ሒሳብ ያልኳቸው ደረሰኞች። 40 ብር፣ 50 ብር።

ከዚያ እኔን አየችና «ሦስት ብላችሁ ስታስጽፉ ማን ነበር የቆጠረው?» አለችኝ።

ሐጂ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው። «እኔም ነበርኩ፣ እትዬ» አልኳት። አጠራሩ እዚያው ተገኘ።

ጅማ ስመለስ ደረሰኞቹን አወጣሁ። ከሷ ኤንቨሎፖች ጋር ቀናቸው ይገጥማል። ፎቶ አንስቼ ለወንድም ጋሼ ላክሁለት። ለሁለት ቀን ምንም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «መቼ ነው እዛ የሚኬደው?» አለኝ። ምስኪን፣ ዕድሜውን ሙሉ ታላቅ ሆኖ ኖሮ በ46 ዓመቱ ታላቅ መጣችበት።

ድርሻውን በተመለከተ ደግሞ ሁላችንም ተሳስተን ነበር። እኛ ሩቡን ትወስድብናለች ብለን ፈርተናል፤ እሷም ሩብ ነው የመሰላት። ጠበቃው ወረቀት ላይ አሰሉልን። የቤቱ ግማሽ የእማዬ ነው፤ እሱ ለእማዬ ልጆች፣ ለሦስታችን። ሌላው ግማሽ የአባባ ነው፤ እሱ ለአራት። ስለዚህ እትዬ የምታገኘው የአባባን ግማሽ ሩብ፣ ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛ ነው። እትዬ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማችና «የሷን አልነካም፤ የሱን ግን አልተውም» አለች። አለቀ። የውርስ ቤት ያላችሁ፣ ከመጣላታችሁ በፊት አስሉ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ሰው የሌለውን ድርሻ እንዳለው ሲያስብ ነው።

ስምምነቱን ጽፈን ለፍርድ ቤት አቀረብን። የወራሽነቱ ማስረጃ ተስተካክሎ አራት ሆንን፤ እግዱም ተነሳ። የእማዬ ውርስ ግን ወገቤን ቆርጦኛል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው ነሐሴ 2008 ነው። እሷ ያረፈችው ከዚያ በፊት ስለሆነ የሞት የምስክር ወረቀት የላትም። የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን የሰጠን ወረቀትና የቀብሯ ምስክሮች ተይዘው ነው ያለቀው። ላዩ ላይ የስም ጣጣ መጣ። የአያታችን ስም በቁቤ ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ አናባቢ ነው፣ ሌላው ላይ በሁለት። ለአንዲት ፊደል ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ከመጀመሪያው ቀን መታወቂያችሁን፣ ካርታውንና የሞት ማስረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ግንቦት 2014 ላይ ካርታው በአራታችን ስም ዞረ። እዚህ ላይ ለገዢም ለሻጭም የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። የአባባ ቦታ ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የድሮ ቦታ። እኛ በሸጥን ጊዜ በነበረው የሊዝ አዋጅ፣ በ721/2004፣ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥል ነበር። በሽያጭ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ነበር። ይህን ቀድማችሁ ለገዢው ካልነገራችሁት ማዘጋጃ ቤት ይነግረዋል። ያኔ ደግሞ እንደ ደበቃችሁት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስባችኋል። እኔ ለመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ስልክ እናገር ነበር።

ገቢዎችም ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሂዱ። ካፒታል ጌይን የሚባለው፣ ከሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር ይነካችሁ አይነካችሁ ጠይቁ። ቤቱ መኖሪያ ነበር ወይስ ይከራይ ነበር የሚለው ለመልሱ ልዩነት አለው።

ሽያጩን ለማስታወቅ አንድ ካርቶን ላይ «ይህ ቤት ይሸጣል። ደላላ አይደውል» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 31 ሰው ደወለ። ስቆጥር 27ቱ ደላላ ነበሩ። አንዱ «ለእህቴ ነው የምፈልገው» ብሎ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ጣሪያውን ገመገመ፣ ሲወጣ «ኮሚሽኑን እንዴት እናድርገው?» አለኝ። «ለእህትህ ነው የምታስከፍላት?» ስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። እኛን የጠየቁን ከሻጭ 2 ከመቶ፣ ከገዢ 2 ከመቶ ነበር። ጊዜ ለሌለው ሰው፣ ርቆ ለሚኖር ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ግን የሱን ሥራ ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ዋናውም ዋጋ ማወቅ ነው። እኔ በሰፈሩ በቅርብ ቤት የሸጡ ሦስት ሰዎች ጋ ቡና ጠጥቼ ጠየቅሁ። የሸጠ ሰው ትንሽ ይጨምራል፣ የገዛ ሰው ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ጠይቁ። ቤት የሚገምት መሐንዲስም ከፍዬ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ «ከዚህ በታች አልወርድም» የምትል ቁጥር አራታችን ተስማምተን ቆረጥን። እኔ ተደራዳሪ፣ ቁጥሯ ግን የአራት ሰው። ገዢ ሲያስጨንቀኝ «እህቶቼንና ወንድሜን ልጠይቅ» ማለት ጠቅሞኛል።

ገዢዎቹ የተገኙት በካርቶኑ አይደለም። በዕድር በኩል ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ነርስ፣ እሱ አስተማሪ። ቤቱን ሦስት ጊዜ መጥተው አዩት፤ አንዴ ሆን ብለው ዝናብ ላይ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ገዢ እንዲህ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ የሚያፈስ ቦታ እንዳለ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ባልዲውን ሲያዩ አልደነገጡም። በ2,400,000 ብር ተስማማን።

ውል ላይ አንድ ፈተና መጣ። አንድ የሚያውቀን ሰው «ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ቴምብሩ ይቀንሳል» አለን። የቴምብር ቀረጡ ያኔ 2 ከመቶ ነበር፤ በውላችን የሚከፍሉት ገዢዎቹ ስለሆኑ ፈተናው የነሱ ነበር። ነርሷ እምቢ አለች። ትክክል ናት። ነገ ውሉ ቢፈርስ መጠየቅ የሚቻለው የተጻፈውን ነው። ደግሞም ቢሮው የራሱ ግምት ስላለው የጻፋችሁትን ዝም ብሎ ላይቀበል ይችላል። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ተከራዮቹ መቼ እንደሚወጡ፣ ቁልፉ መቼ እንደሚሰጥ ሁሉ በውሉ ይግባ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሕጉ ሥልጣን በሰጠው አካል ፊት መፈረም አለበት። እቤት ቁጭ ብላችሁ በሦስት ምስክር የፈረማችሁት ወረቀት ላይ ብር አትቀባበሉ። እኛ በመጀመሪያው ቀብድ ጊዜ ያደረግነው እሱን ነበር።

አከፋፈሉን ያመጣችው እትዬ ናት። «ብሩ አንድ ሰው እጅ ከገባ እንደገና ሽማግሌ ሊያስፈልገን ነው» አለች። ስለዚህ ገዢዎቹ ባንክ ሄደው አራት የተለያየ ሲፒኦ (በባንኩ የተረጋገጠ የክፍያ ሰነድ) አሠሩ፣ በእያንዳንዳችን ስም። 300,000 የእትዬ፣ 700,000 የእያንዳንዳችን። ጥቅምት 2015 አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ወንድም ጋሼ ከአዲስ አበባ ሌሊት በአውቶቡስ ተነስቶ ነው የመጣው። እትዬ ከአጋሮ ዳቦ ደፍታ ነው የመጣችው፤ ቢሮው ውስጥ አይበላም ተብለን ውጭ ግንብ ላይ ተቀምጠን በላነው። ሠራተኛዋ ስም ስትጠራ በካርታው ቅደም ተከተል ነበርና መጀመሪያ የተጠራችው እትዬ ናት። ወንድም ጋሼ ቦታ ለቀቀላት።

ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ቆጣሪዎቹን አትርሱ። እኔ የውሃውን አዛውሬ የመብራቱን ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ነርሷ ደውላ «ቢሉ አሁንም በአባታችሁ ስም ነው የሚመጣው» አለችኝ። በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ አብረን ሄድን። የኒዶውን ቆርቆሮ ይዤ ነበር፤ የድሮው የመብራት ውል እሱ ውስጥ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ ነርሷ ከፍታ አየችና «ይሄ ሁሉ ደረሰኝ የምንድን ነው?» አለችኝ። የሐዋላዎቹ ጠቅላላ አጋሮ ሄደዋል፤ የቀረው የግብር ነው። «የቤታችሁ ነው፣ ያዢው» አልኳት። ቆርቆሮውን ግን ይዤ ተመለስኩ።